የእንስሳት ድንቅ ችሎታ በፍላሽ፦ ወፏና ንቧ ግሩም፣ ጢንዚዛዋ ላይ ግን ቅር ብሎኛል

መንፈሳዊ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ሱቅ ነው የገዛሁት። በአማርኛ የተተረከ የቪዲዮ ስብስብ ነው፤ የእንስሳትን ችሎታ እያሳየ «ይህ ያለ ፈጣሪ እንዴት ይሆናል?» ይላል። ለልጆቹ ብዬ ነበር፣ እኔው ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

ጎድዊት የምትባለው ወፍ ያለችበት ክፍል ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. አምስት ወር ገደማ የሆናት አንዲት ጎድዊት ከአላስካ ተነስታ ታዝማኒያ፣ አውስትራሊያ ገባች። 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን፣ መሃል ላይ ማረፍ የለም፣ መብላት የለም። በሳተላይት ነው የተከታተሏት። እነዚህ ወፎች ከመነሳታቸው በፊት ስብ ያጠራቅማሉ፣ ደግሞ ሸክም እንዳይበዛ ጨጓራና አንጀታቸው ሳይቀር ያንሳል። ተራኪው እዚህ ጋ ብዙ አይሰብክም፣ ዝም ብሎ ያሳያል፣ እኔን ግን ከስብከቱ ሁሉ በላይ «ሥራህ ግሩም ነው» ያስባለኝ ይሄ ነው።

ንቧም ጥሩ ናት። አበባ አግኝታ የተመለሰች ንብ ጨለማ ቀፎ ውስጥ በጭፈራ አቅጣጫ ትናገራለች። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሄደች «ወደ ፀሐይ» ማለት ነው፤ እየተወዛወዘች የምትቆይበት ጊዜ ከረዘመ ቦታው ሩቅ ነው። ይህን የፈታው የእንስሳት ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 ኖቤል ተሸልሟል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቦምባርዲየር የምትባል ጢንዚዛ አለች፣ ጠላት ሲነካት ከኋላዋ የሚፈላ ፈሳሽ ትረጫለች፣ 100 ዲግሪ ገደማ። ቪዲዮው «ሁለቱ ኬሚካሎች ከተገናኙ ወዲያው ይፈነዳሉ፣ ስለዚህ ለየብቻ ታስቀምጣቸዋለች» ይላል። ውሸት ነው! ሁለቱ ኬሚካሎች፣ ሃይድሮኪኖንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አንድ ከረጢት ውስጥ ነው አብረው የሚቀመጡት፤ የሚያፈላቸው ሌላ ክፍል ውስጥ ያለው ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ነው። እውነተኛው አሠራር ራሱ በቂ ድንቅ ሆኖ ሳለ ምን አስዋሻቸው? እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን ልጄ ነገ ክፍል ውስጥ ይህንን ተናግሮ ቢታረም እምነቱንም አብሮ ነው የሚጠራጠረው። ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ (ለአካባቢያቸው የተስማሙት ይበልጥ ተርፈው ይራባሉ ስለሚለው ሐሳብ) ሳይንቲስቶች የሚሉትንም በወጉ ሳያስረዳ ያሾፍበታል፣ ይሄም አልተመቸኝም።

ሙዚቃው ድምፁን ይውጠዋል፣ ጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ። የአገራችን እንስሳ አንድም የለበትም፣ ጭላዳ እንኳ! ሻጩ ሁለተኛ ክፍል ይመጣል ብሎኛል። ቦረናዎችን ወደ ማር የምትመራዋን ወፍ ካስገቡባት እገዛለሁ፣ የጢንዚዛዋን ክፍል ካረሙ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤታችንም አንድ እጨምራለሁ።