በሀዋሳ የወሰድኩት የኔትወርክ ሥልጠና

በሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግንና ለቢሮዎች ኔትወርክ የሚዘረጋ አንድ የግል ድርጅት የሚሰጠውን የሁለት ወር የማታ ሥልጠና ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ። የከፈልኩት 4,500 ብር ካገኘሁት ትምህርት ጋር ሲመዘን ብዙ አይደለም።

አሠልጣኙ ኬብል ከማስያዛቸው በፊት ሦስት ምሽቶችን ለታሪክ ሰጥተዋል፤ ሥልጠናውን ከሌሎች ያስበለጠብኝም ይኸው ነው። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው የኮምፒውተሮች መረብ፣ አርፓኔት፣ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ እንደተመሠረተ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በየጣቢያው የተተከሉትን መልእክት አስተላላፊ መሣሪያዎች በሃኒዌል ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ያስረከበው ቢቢኤን የተባለ የማሳቹሴትስ የግል ኩባንያ እንደነበረ፣ ጣቢያዎቹም የተገናኙት ከኤቲ ኤንድ ቲ በተከራዩ የስልክ መስመሮች እንደነበረ ያወቅሁት እዚህ ነው።

በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ዘዴ፣ የኢተርኔት፣ ምሽት ደግሞ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ኢተርኔትን ያፈለቀው ሮበርት ሜትካፍ በ1979 ስሪኮም የተባለውን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1980 ደግሞ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የጋራ መስፈርት አውጥተው ማንኛውም አምራች እንዲሠራበት ክፍት አደረጉት። አሠልጣኙ ይህን አስረድተው ሲያበቁ የሁለት የተለያዩ አምራቾች ስዊቾችን (የኮምፒውተሮች ኬብሎች የሚገናኙባቸውን ሳጥኖች) ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ እኛው ጫፉን ባሰርነው ኬብል አገናኟቸው፤ መብራቶቻቸውም ወዲያው በሩ። የመስፈርትን ጥቅም ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ ሰው የለም።

ቅሬታዬ ታሪኩ እዚያ ላይ መቆሙ ነው። በ1975 መረጃን በትንንሽ ቁርጥራጮች (ፓኬቶች) የማስተላለፍ አገልግሎትን ለደንበኞች መሸጥ ስለጀመረው ቴሌኔት፣ በ1987 ስለተመሠረተው ዩዩኔት፣ በ1989 ለተራው ሰው በስልክ መስመር ግንኙነት መሸጥ ስለጀመረው ዘ ወርልድ አንድም ቃል አልተነገረም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ዋይፋይ አከፋፍለው ወይም ኢንተርኔት ካፌ ከፍተው ሊተዳደሩ የሚያስቡ በመሆናቸው፣ መሣሪያ ከሠሩት ይልቅ ግንኙነቱን ራሱን ሸጠው የኖሩት ኩባንያዎች ታሪክ ለእኛ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ይህንኑ ለአሠልጣኙ ነግሬያቸው በቅንነት ተቀብለውኛል።

ለ12 ሠልጣኞች የነበሩት የኬብል መቆንጠጫዎች አራት ብቻ ናቸው፤ መብራት በጠፋባቸው ሁለት ምሽቶችም ትምህርት አልነበረም። ለመመዝገብ የምታስቡ የራሳችሁን ላፕቶፕና፣ ብትችሉ መቆንጠጫም፣ ይዛችሁ ሂዱ።