«አንተስ ተመረመርክ?» ላለችኝ ፋርማሲስት

ይሄን ነገር ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ። ወንድ ስለ ራሱ መውለድ አለመቻል በአደባባይ ሲያወራ ብዙም አይታይምና አፍሬ ነበር። ባለቤቴ ናት «ጻፈው፣ እንደኛ የሚንከራተት ይኖራል» ያለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ብግነት አለብኝ። ብዙ ሰው ሪህ ይለዋል፤ ሰፈሬ ያሉት ደግሞ «ብርድ መትቶት ነው» ብለው ጨርሰውታል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ባለቤቴ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ጊዜ ነበር። መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ግን ተመስገን፣ ሥራ እገባለሁ፣ ታክሲም ተጋፍቼ እሳፈራለሁ። ያሻለኝ ሰልፋሳላዚን የሚባለው ነው። በቀን 4 ፍሬ፣ ሁለት ጠዋት ሁለት ማታ። ሽንቴን ብርቱካናማ ከማድረጉ በቀር ምንም ጣጣ የለውም ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ልጅ ፈለግን። ስድስት ወር አለፈ፣ ዓመት ሞላ፣ ዓመት ተኩል ሆነ። ዘመድ «ምነው ዝም አላችሁ?» ማለት ጀመረ። ጥያቄው ለሁለታችን ነው፤ ዓይናቸው የሚያርፈው ግን እሷ ሆድ ላይ ነው። ባለቤቴ ያልሄደችበት የለም። ጸበል ተጠመቀች፣ ሆርሞን ተመረመረች፣ አልትራሳውንዱን እንደ ቀጠሮ ማኅበር ለመድነው፣ የማህፀን ቱቦ ራጅም ተነሳች፤ ያን ቀን አሟት እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ለእሷ መድኃኒት ጻፈላት እንጂ ወደ እኔ ዞር ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ተመችቶኝ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

አንድ ቅዳሜ የእኔን ሰልፋሳላዚንና የባለቤቴን ፎሊክ አሲድ ልገዛ ሁልጊዜ ወደምሄድበት ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው።

«ፎሊክ አሲዱ የማን ነው?»

«የባለቤቴ። ልጅ እየሞከርን ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና «አንተስ ተመረመርክ?» አለችኝ።

ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል። ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም፣ ምክንያቱም ወዲያው ከባንኮኒው ወጥታ የክብደት ሚዛኑ ወዳለበት ጥግ ወሰደችኝ። እዚያ ድምጿን ቀንሳ አስረዳችኝ። ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ወንዶች ላይ የዘር ቁጥርን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውንም ያደክማል። ከ1979 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ አዲስ ግኝት አይደለም። የሚቀንሰው ደግሞ ለዘለቄታው አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ይመለሳል፣ ምክንያቱም ሰውነት አዲስ ዘር ለመሥራት 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሁሉም ሰው ላይም አይደርስም፤ እየዋጡት የወለዱ አሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ምርመራ የሚያስፈልገው። «ዛሬ ማታ በራስህ እንዳታቆም ግን» አለችኝ ጣቷን አንስታ፣ «ያ እጅህ ተመልሶ ቢያብጥ ልጁን በምን ታቅፈዋለህ?» በቁራጭ ወረቀት ለሐኪሜ የማሳየውን ጻፈችልኝ። የመድኃኒቱን እንጂ የምክሩን አላስከፈለችኝም።

የዘር ፈሳሽ ምርመራው እንግዲህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ አለባችሁ፤ ናሙናው ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። የላብራቶሪው ልጅ የአባቴን ስም ጨምሮ፣ የምርመራውን ዓይነት ጨምሮ በኮሪደሩ ሙሉ ሲጣራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 4 ሚሊዮን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ 16 ሚሊዮን ነው። በአንድ ውጤት አይፈረድም ስለተባለ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። «ልጅ እንደምትፈልግ አልነገርከኝም እኮ» አሉኝ። «አልጠየቁኝም እኮ» አልኳቸው። ተሳሳቅን። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ወደሚባለው ቀየሩልኝ፤ መጀመሪያ የዓይን ምርመራ አስደርገው ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ቀላል አልነበረም። ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ፣ ወደ ድሮው ልመለስ ብዬ ነበር፤ ይቺው ፋርማሲስት ናት «ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ለሐኪምህ ደውልና ማስታገሻ ይጨምሩልህ» ብላ ያቆመችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ስመረመር 28 ሚሊዮን። ባለቤቴ አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ዘመዶቻችን ጸበሉ ነው ይላሉ። ይሁን፣ ጸበሉንም አልቀንስበትም።

ከዚያ ወዲህ ከፋርማሲስቷ ጋር ወዳጅ ሆነናል፤ የነገረችኝንም ሁሉ ለራሴ ማስቀረት አልፈልግም። ለዚሁ ሕመም የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ወንዶች፣ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ልጅ ከመሞከርህ ከሦስት ወር በፊት አቁም ይላል፤ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ወንዱ ሊቀጥል ይችላል። ሴቷ ነች የግድ ማቆም ያለባት። ስለዚህ ደንግጣችሁ ከመተዋችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ ሌላ ነገር ነው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም) ወይም የደም ሥር ብግነት ከብዶባቸው ይሄን የሚጀምሩ ወንዶች ጉዳቱ ላይመለስ ስለሚችል ከመጀመራቸው በፊት ዘራቸውን አስቀዝቅዞ ስለማስቀመጥ መጠየቅ አለባቸው፣ ከጨረሱም በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይቆዩ ልጅ አይሞከርም፤ እስከዚያው ኮንዶም። ልጅ የማትፈልጉት ደግሞ «ሰልፋሳላዚን ይከላከልልኛል» ብላችሁ እንዳትታለሉ። ቁጥር ይቀንሳል እንጂ መከላከያ አይደለም። ይሄን ስትነግረኝ የሆነ ሰው ትዝ ብሏት በጣም ስቃ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳታፍር «በመኝታ በኩልስ ሕመሙ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ዓመት ስታከም ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ትከሻዬ ሲያመኝ ባለቤቴ እንዳትነካኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምተኛባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ እሷ ጠልቶኝ ነው ትላለች፣ እኔ አልናገርም። የፋርማሲስቷ መልስ ቀላል ነበር። ሐኪሙ የፈቀደውን ማስታገሻ ቀደም አድርገህ ውሰድ፣ ሞቅ ባለ ውሃ ታጠብ፣ ከሁሉ በፊት ግን የሚያምህ የት እንደሆነ ንገራት። ነገርኳት። ያን ማታ ሁለታችንም አለቀስን።

ስሟንና የፋርማሲውን አድራሻ እዚህ እንዳልጽፍ ራሷ ለምናኛለች፤ ሰልፉ ይበዛብኛል ብላ። ኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ በፌስታል የተቋጠረ ፍሬ ብቻ ስታይ ትቆጣለች። ከሰዓት ብታደርጉት ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ይበዛል። ሐሙስ አትገባም። ቡና ልጋብዝሽ ብትሏት ደግሞ እሺ አትልም፣ እኔ ሦስቴ ሞክሬያለሁ።