የጠመንጃ ካዝና መደርደሪያ ለጎበጠባችሁ ሁሉ፦ እኚህን ሰው ጥሯቸው

እንዲህ ያለ ባለሙያ አግኝቼ ዝም ብል ግፍ ነው። የአባቴ የጠመንጃ ካዝና መደርደሪያ ተሠርቶ አልቋል። አይጎብጥም፣ አይንቃቃም፣ አይወላገድም። አባቴ እንደ ድሮው በገዛ እጁ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ይህን የሠሩልንን ሰው በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እናንተም እንድትጠሯቸው እፈልጋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ካዝናው ራሱ ከባድ ብረት ነው። ውስጡ ያለው መደርደሪያ ግን ሞኬት የለበሰ ቺፑድ ነው። ግራና ቀኙን በትንንሽ ክሊፖች ላይ ተቀምጧል። መሃሉን የሚደግፈው ምንም የለም። ውጭውን ያየ ሰው ውስጡም እንደዚያው የሚሸከም ይመስለዋል።

አባቴ በዘመኑ አዳኝ ነበር። የጥይት ካርቶኖቹ፣ መነጽሩ፣ የመሣሪያ ፈቃዱ፣ የቤቱ ሰነድ፣ የእናቴ ጌጣጌጥ ሳይቀር እዚያ ነው ያለው። ጥይት ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። 25 ፍሬ የምትይዝ አንዲት የ12 ጌጅ (የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት ካርቶን ግን ብቻዋን ከ1 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ውስጧ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ከውሃ 11 እጥፍ ይከብዳል። ካርቶኖቹን ደራርቡና አስቡት። ቺፑድ ደግሞ የተሸከመው ክብደት ባይጨምር እንኳ ከሥሩ ካልተደገፈ እያደር ይጎብጣል። የእኛም ጎበጠ። አባቴ «በላዬ ላይ ይወርዳል» እያለ መክፈቱን ተወው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን አበሳ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ገና ቤታችንን ሳያይ በስልክ «የካዝናውን ቁጥር ንገሩኝ» አለ። የካዝና ቁጥር በስልክ! ሌላው ብየዳ ሠራተኛ ነው። ውስጡ ገብቼ ብረት ልበይድ አለ። ጥይቱስ ስንለው ካርቶኖቹን ገረፍ አድርጎ አያቸውና «ጨርቅ ጣል እናደርግባቸዋለን፣ ምን ይሆናሉ» አለን። አባቴ ያን ቀን ከቤት ያስወጣው እንዴት እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ቀብድ የተቀበለን ነው። ወፍራም ጣውላ አምጥቶ በዚያው በድሮዎቹ ክሊፖች ላይ ጋደም አደረገው። «አሁን ዝሆን ቢቆምበት አይነቃነቅም» አለ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ክሊፖቹ ሌሊት ላይ ተገነጠሉ። የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ በሕይወት ሳለች ለአባቴ የሰጠችው መነጽር ተሰነጠቀ። ስንደውል መጀመሪያ «ነገ እመጣለሁ» አለ፤ ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወ። አባቴ የመነጽሩን ስባሪ በመሐረብ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ስለ ካዝናው ደግመን እንዳናነሣበት ነገረን።

እኚህን ሰው የጠቆመችን የሥራ ባልደረባዬ ናት። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ምንም ሳይነኩ ቆመው አዩ። መደርደሪያው ላይ ምን እንደሚቀመጥ ጠየቁ። ጥያቄውን የጠየቁት እኔን አይደለም፤ አባቴን ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከእሳቸው በፊት የመጡት ሁሉ አባቴ አጠገባቸው ቆሞ እያለ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ነበር። ሽማግሌ ሲሆን ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያገኙትን የልጄን ማስመሪያ አነሡ። ሁለቱን ጫፍ ይዘው በጠፍጣፋው በኩል ተጫኑት። ጎበጠ። በጠርዙ አቁመው እንደገና ተጫኑት። ወይ ፍንክች! «አባባ፣ ማስመሪያው ያው ነው። የእርስዎ መደርደሪያም እንዲህ ቆሞ የሚሸከም ብረት ከፊትና ከኋላ ያስፈልገዋል» አሉት። አባቴ ማስመሪያውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው። ውፍረት እጥፍ ሲሆን አለመጉበጡ 8 እጥፍ ይጨምራል ብለውም አስረዱን። ስሌቱ አልገባኝም፤ ማስመሪያው ግን ገብቶኛል።

የሠሩትን ሁሉ ዘርዝሬ መናገር አልችልም። ያየሁትን ልበል። የድሮውን አውጥተው ወፍራም ኮምፔርሳቶ አስገቡ። ከፊቱና ከኋላው አንግል ብረት አሠሩለት። ከሥሩም እስከ ካዝናው ወለል የሚደርሱ ማቆሚያዎች አደረጉ፤ ሸክሙ ክሊፖቹን ትቶ ወለሉ ላይ እንዲያርፍ። መቁረጡንም መብሳቱንም ግቢ ውስጥ ጨርሰው ነው ያስገቡት። የካዝናው ግድግዳ አንድ ቦታ እንኳ አልተበሳም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው በግድግዳው ውስጥ ያለው ጂፕሰም ነው አሉኝ። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚያህለው በውስጡ ታምቆ ያለ ውሃ ነው። እሳት ሲነሣ ያ ውሃ እንፋሎት እየሆነ ሙቀቱን ያዘገየዋል። በብየዳ ካቃጠሉት ወይም በየቦታው ከበሱት የእሳት መከላከያው ይጎዳል። ያኛው «ልበይድ» ያለው ሰው ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ካዝናው ሊከፈት ሲል ጋሼ ብድግ አሉ። «አባባ፣ ቁጥሩን እስኪያስገቡ እኔ በረንዳ ነኝ። ሲጨርሱ ይጥሩኝ» ብለው ወጡ። ማንም ውጡ አላላቸውም። አባቴ እስኪጠራቸው ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከገቡም በኋላ ጠመንጃዎቹን በእጃቸው አልነኩም። «እነዚህን የሚያነሣው ባለቤታቸው ነው» አሉ። አባቴ አንድ በአንድ አወጣቸው። እያንዳንዱ ጥይት አለመጉረሱን ከፍቶ አየ፤ ለእሳቸውም አሳያቸው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ገብቶ እስኪቆለፍበት ድረስ ጋሼ የሥራ ዕቃቸውን ከቦርሳ አላወጡም። ሥራው አልቆ እኔ ፎቶ ላንሣ ስል እንኳ «የሰው ካዝና ውስጡ ፎቶ አይነሣም፣ የኔ ልጅ» ብለው ከለከሉኝ። አባቴ ያኔ ፈገግ አለ።

በዚህም አላበቁም። መደርደሪያው ከመታሰሩ በፊት አባቴን ካዝናው ፊት አቆሙት። ሳይንጠራራና ሳይጎነበስ እጁ የሚደርስበትን ከፍታ ምልክት አደረጉ። ሰነዱና የእናቴ ጌጣጌጥ እዚያ ሆነ። ጥይቱን ከታች አስቀመጡት፤ ክብደት ከላይ ሲበዛ ካዝናው ራሱ ሊወድቅ ይችላል አሉ። ከወለሉ ጋር በቡሎን መታሰሩንም ፈትሸው አረጋገጡልን። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁም።

አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብዙ አያወራም። ያን ቀን ግን ስለ አደን ሲያወራላቸው ዋለ። የትኛው ጠመንጃ የትኛው ጉዞ ላይ እንደነበረ ሳይቀር ነገራቸው። እሳቸውም እየሠሩ «እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» ይሉት ነበር። የእውነት እየሰሙት ነበር። ይህን በገንዘብ አይገዙትም።

ወገኖቼ፣ መደርደሪያችሁ መሃሉ ላይ ሰርጎድ ብሎ ካያችሁ እስኪወርድ አትጠብቁ። ለማንም ቀብድ አትስጡ፣ ለማንም ቁጥር አትንገሩ። እኚህን ሰው ጥሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯቸው። ከመምጣታቸው በፊት ምን ያህል ክብደት እንደምታስቀምጡ ገምታችሁ ቆዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ «ሥራው ይበቃል» አሉኝ። የምትፈልጉ ግን ጠይቁኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባቴ የአደኑ ወሬ ገና አላለቀም፣ አንድ ቀን ብቅ ይበሉ ብሏል።