ለጫጩት ሙቀት ምን ልግዛ? ከሐረርና ከድሬዳዋ አንጻር

ሐረር ላይ ጫጩት ያሳደገ ሰው ድሬዳዋ ላለ ዘመዱ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኔም ለታናሽ እህቴ እንዲህ ያለ ምክር ሰጥቼ ተጸጽቻለሁ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ከተፈለፈለች አንድ ቀን ለሆናት ጫጩት ይህ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ የትኛው ማሞቂያ እንደሚሻል የሚጠይቀኝን ሰው አስቀድሜ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ጫጩቷ የምትፈልገው በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ ላባዋ እስኪሞላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰላት ትሄዳለች። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ይህን ሙቀት ቀን ቀን በነጻ ትሰጣለች። የሐረር የታኅሣሥ ሌሊት ግን ምሕረት የለውም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የ250 ዋቱን ቀይ አምፖል ነው። ጭስ የለውም፣ በሰንሰለት ተሰቅሎ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐረር ላይ በሦስት ሳምንት 126 ይደርሳል። ድሬዳዋ በሞቃቱ ወራት ለሌሊት ብቻ ስለሚያስፈልግ ወጪው በግማሽ ይወርዳል። ሲገዙ የአምፖሉ መያዣ ሸክላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፕላስቲኩ በዚያ ሙቀት ይቀልጣል።

ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። የመጀመሪያዎቹን መቶ ጫጩቶቼን ያመጣሁ ሰሞን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ እኔ ተኝቻለሁ። ንጋት ላይ በሩን ስከፍት ሁሉም በአንዱ ማዕዘን ተቆልለዋል። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ፣ ከሥር ያሉት ተጠፍጥፈው ቀርተዋል። ሃያ ሦስት ቆጠርኩ። የገደላቸው ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ ማዕዘኑም ነው። ከዚያ ወዲህ በካርቶን ክብ አጥር ሳልሠራ ጫጩት አላስገባም።

ከሰል ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ሲቀጣጠል ያቃጥላል፣ ሲያመድ ይበርዳል፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ መነሣት ግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ጭሱ ሳይታይ፣ ሽታውም ሳይታወቅ የሚገድለው ጋዝ ነው፤ ጫጩቱንም ጠባቂውንም አይለይም። ብርዱን ፈርተው በር ለሚዘጉ የሐረር ቤቶች አልመክረውም። ቡታጋዝ ከከሰል የረጋ ሙቀት አለው፤ ሆኖም ብዙ መቶ ጫጩት ለሚያሳድግ ካልሆነ ወጪውን አይመልስም፤ አየር መግቢያም ይፈልጋል።

ለሐረር ልቤ ያለው በሣር ሳጥኑ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ እናት የእኔን ኪሳራ ሲሰሙ "ልጄ፣ እናት ዶሮ መብራት አላት እንዴ?" አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። በጣውላ ሳጥን ውስጥ ደረቅ ሣር ዙሪያውን ጠቅጥቆ መሐሉን ለጫጩቶቹ መተው፣ ከላይ በጆንያ መሸፈን፣ ከፊት ለፊት የሽቦ ወንፊት ያለው መዋያ ማያያዝ። ሙቀቱ ከራሳቸው ገላ ይወጣል፣ ሣሩም እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ሃምሳ ገደማ ጫጩት ይበቃዋል። አሥር ብቻ ቢገቡ አይሞቃቸውም፤ ከልክ በላይ ቢበዙ ሣሩ በትንፋሻቸውና በኩሳቸው እርጥበት ይረጥባል። የሻገተ ሣር ሳንባቸውን ስለሚያሳምም በየዙሩ መቀየር አለበት። ቆፈኑ ሲበረታ ሙቅ ውኃ የያዘ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎን አስገባለሁ። አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል። መቶ ጫጩት ከሆነ ሁለት ሳጥን ማሠራት ነው።

ለእህቴ ግን ሳጥኑን መላኬ ስህተት ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በሐምሌ እኩለ ቀን ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ነበር። እዚያ ገንዘቡ ለማሞቂያ ሳይሆን ለቤቱ መዋል አለበት፤ ለሌሊቱ አንድ አምፖል ይበቃል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በብዛት የምታገኘው ጠባቡን ግድግዳ ነው። ከታች ግማሽ ሜትር ግንብ፣ ከላይ ሽቦ። ቆርቆሮው ላይ ኖራ ይቀባ ወይም ሣር ይነጠፍበት፤ ባዶ ቆርቆሮ ምጣድ ነው።

ቦታውም እንዲሁ ይለያያል። ለአደገ ዶሮ ሐረር ላይ በካሬ ሜትር ስድስት እቆጥራለሁ፣ ድሬዳዋ ላይ ግን ከአራት አላልፍም። መቶ ዶሮ ለሐረር 17፣ ለድሬዳዋ 25 ካሬ ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። እህቴ በሐረር ልክ በተሠራ ጠባብ ቤት መቶ አስገብታ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳሳባት፤ ዶሮ ሙቀት ሲበዛባት መኖ ትቀንሳለች፣ ስታለከልክም ለቅርፊት የሚሆነው ከደሟ ይጎድላል።

ሌሊት ተነሥቶ መጠበቅ የማይችል ሰው የትኛውንም ማሞቂያ ከመግዛቱ በፊት የ45 ቀን ጫጩት ዋጋ ይጠይቅ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ አስጊው ጊዜ ግን በሻጩ ቤት አልፏል። የአንድ ቀኑን የመረጠ ግን ቴርሞሜትሩን በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ይስቀል፤ ማታ ማታም አንዷን አንሥቶ እግሯን ጉንጩ ላይ ያስነካ። ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል፣ ብርድ ይዟታል።