አንድ «ፕሬዳተር»፣ ሦስት ዲስክ፦ ከድጡ ወደ ማጡ፣ ከማጡ ወደ 4ኬ

ሦስቴ ገዛሁት። አንዱን ፊልም ሦስቴ። ሦስተኛው በፖስታ ሲመጣ ባለቤቴ ሳጥኑን አገላብጣ አየችና «ይሄ ሰውዬ አሁንም እዚያው ጫካ ውስጥ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ከ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ ከሌላ ዓለም ከመጣ አዳኝ ፍጥረት ጋር ከሚፋለምበት ከዚያ ጫካ አልወጣም።

ግን ሦስቱንም የገዛሁት ለአርኖልድ ብዬ ብቻ አይደለም። «ፕሬዳተር» በብሉ ሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ ቀጥሎ በመጣው የኤችዲ ዲስክ፣ መጀመሪያ በ2008 ወጣ፣ በ2010 እንደገና ወጣ፣ በ2018 ደግሞ የብሉ ሬይን አራት እጥፍ ነጥብ በሚይዘው በ4ኬ ዲስክ መጣ። (የ3ዲ ስሪትም አለ፤ ቤቴ ውስጥ መነጽር ደቅኜ አልቀመጥም፣ ተዉት።) ሦስቱ የተሠሩት በሦስት የተለያየ መጭመቂያ (ኮዴክ የሚሉት) ነው፤ የመጀመሪያው በኤምፔግ-2፣ ሁለተኛው በኤቪሲ፣ ሦስተኛው በኤችኢቪሲ። ሥዕላቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለ ዲስክ ጥራት ወሬ ሲነሳ ግን ሁሌ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «የድሮ ኮዴክ ነው፣ ጣለው፣ አዲሱን ግዛ።» እኔም አምኜ ገዛሁ። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ግን ያንን ምክር ለማንም አልሰጥም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ፣ አጭር ነው። ብሉ ሬይ ላይ አንድ ሥዕል 1920 በ1080 ነጥብ ነው፣ በሰከንድ 24 ሥዕል ያልፋል። ሳይጨመቅ ይቀመጥ ቢባል፣ የቀለሙ መረጃ በዲስኩ ደንብ ከተቀነሰለት በኋላ እንኳ፣ በሰከንድ 600 ሜጋ ቢት ገደማ ይበላል። ፊልሙ 107 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ድምፁን ሳንቆጥር ሥዕሉ ብቻ 480 ጊጋባይት አካባቢ ሊሆን ነው። ባለ አንድ ንብርብር ብሉ ሬይ የሚይዘው 25 ነው፣ ባለ ሁለቱ 50። 19 ኩንታል ጤፍ በአንድ ኩንታል ጆንያ ክተት እንደማለት ነው።

እንዴት ይከተታል? መጭመቂያው አንድ ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥና ለሚቀጥሉት ሥዕሎች «ምን ተለወጠ?» የሚለውን ብቻ ይመዘግባል። ብሉ ሬይ ላይ ሙሉ ሥዕል በየሰከንዱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰከንዱ ይመጣል፣ መሃል ያለው ሁሉ ልዩነት ነው። ዜና አንባቢ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ግድግዳው እዚያው ነው። ፕሬዳተር ግን ጫካ ነው። ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ጢስ፣ ላብ፣ ጥይት። እዚያ ላይ ፊልሙ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሆነ ግሬይን አለው፤ ማለትም ፊልሙ ላይ ያለው የቀለም ቅንጣት በየሥዕሉ አዲስ ሆኖ የሚበተን አሸዋ ይመስላል። መጭመቂያ ደግሞ ከአሸዋ የበለጠ የሚጠላው ነገር የለም። የትኛዋ ቅንጣት ቀጥሎ የት እንደምትሆን መገመት አይቻልም። ካልተገመተ ልዩነቱ ሁሉ መጻፍ አለበት፣ ለመጻፍ ደግሞ ቢት ያስፈልጋል።

ቢትሬት፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ሥዕል የሚመደበው ቢት፣ ደሞዝ ነው። ጸጥ ያለ ትዕይንት ላይ ትቆጥባለህ፣ ጦርነት ሲመጣ ታወጣለህ። በብሉ ሬይ ለሥዕል የሚፈቀደው ጣሪያ በሰከንድ 40 ሜጋ ቢት ነው፤ ሆኖም ባለ 25 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ድምፁና ተጨማሪው ነገር ድርሻውን ከወሰደ በኋላ እዚያ ጣሪያ ላይ ብዙ መቆየት አይቻልም። ወሩ አያልቅማ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዲስክ። የ2008ቱን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በ4 ዶላር አገኘሁት። ኤምፔግ-2 ነው፣ ዲቪዲ የሚጠቀምበት ያው የ1990ዎቹ መጭመቂያ፣ ባለ 25 ዲስክ ላይ። አሸዋው ወፍራም ነው። ጨለማው ላይ ይንጫጫል። ወንዶቹ ሁሉ ተሰልፈው ጫካውን በጥይት የሚያጭዱበትን ቦታ ታስታውሳላችሁ፣ ያ ለመጭመቂያ የሲኦል ፈተና ነው፤ ቅጠሉ ይበተናል፣ ጢሱ ይነሳል፣ የመሣሪያው ብልጭታ ደግሞ የእያንዳንዱን ሥዕል ብርሃን ስለሚቀይር «ካለፈው ልዩነቱ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ሁሉም ነገር» ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ካሬዎች ይታያሉ። ኤምፔግ-2 ሥዕሉን በ8 በ8 ነጥብ ካሬ ቆራርጦ ነው የሚሠራው። ቢት ሲያጥረው እያንዳንዱ ካሬ ለብቻው ዝርዝሩን ይጥላል፣ ጠርዛቸው አይገጥምም፣ ሥዕሉም ሴራሚክ የተነጠፈ ወለል ይመስላል።

የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ እያየ ያደገ ሰው ይህን ካሬ ያውቀዋል። ቪሲዲ በሰከንድ 1.15 ሜጋ ቢት ብቻ ነበረው፣ 352 በ288 ነጥብ። ዳንስ ሲመጣ ሙሽራዋ ትሰባበር ነበር። እኛ ግን ሲዲው ተጫረ ብለን በሸሚዛችን እንወለውለዋለን። ስንት ሲዲ በከንቱ ተወልውሏል!

ከዚያ ጋር ሲተያይ የ2008ቱ ዲስክ ካሬ ኢምንት ነው፣ ከሶፋ ላይ ሆናችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ዋናው ግን ፊታቸው ፊት ነው። የአርኖልድ ግንባር ላይ ላቡ ይንጠባጠባል፣ የቆዳው ቀዳዳ ይታያል። ሻካራ ነው፣ ግን ፊልም ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከኢንተርኔት ያዘዝኩለት ሻጭ መጀመሪያ የላከልኝ ያንኑ የ2008ቱን ነበር። ስሙ አንድ ስለሆነ የቱ እንደተላከ ሽፋኑን በደንብ ካላዩ አይለይም። አንድ ሳምንት በኢሜይል ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ መጣ፤ 2010፣ ኤቪሲ። ይህ መጭመቂያ በ2003 የጸደቀ ነው፣ ከኤምፔግ-2 በብዙ ይልቃል። ካሬውን እስከ 4 በ4 ድረስ ማሳነስ ይችላል፣ ሥዕሉን የሚገምተው በረቀቀ መንገድ ነው፣ የካሬዎቹን ጠርዝ የሚያለሰልስ ማጣሪያም በውስጡ አለው። በወረቀት ላይ ይህ ዲስክ የመጀመሪያውን ድባቅ መምታት ነበረበት።

ከፈትኩት። ሁለቱ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ጡንቻቸው የሚወጠርበት ቦታ ደረስኩ። አርኖልድ ሳይሆን የአርኖልድ የሰም ሐውልት ነው የመጣው። ፊቱ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ በእሳት ሞቆ፣ ተወልውሎ። ላብ የለም፣ ቀዳዳ የለም። መጨረሻ ላይ ጭቃ ተለቅልቆ ከፍጥረቱ የሚደበቅበት ቦታማ አታንሱት፣ ጭቃው የቀለጠ ቸኮላት ሆኗል። የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ ማለት ይሄኔ ነው።

ካሬ ፈለግሁ። ያ የጥይት ትዕይንት ላይ ደጋግሜ አቆምኩት። ንጹሕ ነው። ኮዴኩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የተሠራው ኮዴኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ግሬይኑ «ቆሻሻ» ተብሎ በኮምፒውተር ታጥቧል። ግሬይን ሲታጠብ ደግሞ አብሮት ቆዳው፣ የጨርቁ ድርና ማግ፣ የዛፉ ቅርፊት ይሄዳል፣ ምክንያቱም ማጠቢያው ቅንጣቱን ከጺም ለይቶ አያውቅም። ከዚያ ለመጭመቂያው ምን ሥራ ቀረው? የተበላሸውን ሥዕል አንድም ሳያጎድል በታማኝነት አስቀመጠ። እና እኔ «አዲስ ኮዴክ ነው» ብዬ ከፈልኩበት።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ገዢው ራሱ ነው። ያኔ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ ነበር፣ ኤችዲ ማለት መስታወት የመሰለ ሥዕል ማለት ነው ተብሎ ተሸጠልን፣ አሸዋ ያየ ሁሉ ዲስኩ ተበላሸ አለ። አልፈርድም። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ሁለቱን አሳየሁት፣ ዓይኑን ሳያሽ «ጋሼ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው ኤችዲ የሚመስለው፣ ያኛውማ ያረጀ ነው» አለኝ። 15 ዓመቱ ነው። በስልኩ ካሜራ ፊቱን እያለሰለሰ ያደገ ልጅ ሰም ቢወድ ምን ይገርማል።

ሁለቱን ጥፋቶች መለየት ለሚፈልግ ዘዴው ቀላል ነው። የመጭመቅ ጥፋት ይመጣል ይሄዳል፤ እንቅስቃሴ ሲበዛ፣ ጢስ ሲነሳ፣ ሥዕሉ በብልጭታ ሲቀያየር ይብሳል፣ ሰዎቹ ቆም ሲሉ ይጠራል። የማጠብ ጥፋት ግን ቋሚ ነው፤ ሰውየው ዝም ብሎ ቢቀመጥም ፊቱ ሰም ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ዙሪያ ካያችሁ፣ ያ ሥዕሉ የተሳለ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፣ እሱንም በኮዴክ አታሳብቡ። ፕሌይስቴሽን 3 ያላችሁ ሴሌክት የሚለውን ስትጫኑ ኮዴኩንና እያያችሁት የሚለዋወጠውን ቢትሬት እዚያው ያሳያችኋል። እኔ ከፊልሙ ይልቅ ቁጥሩን እያየሁ ስንት ማታ እንዳሳለፍኩ ባለቤቴን ጠይቋት።

ቁጥሩም ቢሆን ያታልላል። በ2006 ብሉ ሬይ ሲጀምር የሶኒ ዲስኮች በኤምፔግ-2፣ በባለ 25 ዲስክ፣ ካልተጨመቀ ድምፅ ጋር ይወጡ ነበር። ያልተጨመቀ ባለ 5.1 (ባለ ስድስት መስመር) ድምፅ፣ ዝቅተኛው ባለ 16 ቢቱ እንኳ፣ ብቻውን በሰከንድ 4.6 ሜጋ ቢት ይወስዳል፣ ያም ከሥዕሉ ጉሮሮ ላይ ነው። ያኔ የብሉ ሬይ ተፎካካሪ የነበረው የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ በሌላ መጭመቂያ፣ በቪሲ-1 ነበር በብዛት የሚሠራው፣ ከ30 ጊጋባይት የማይበልጥ ዲስክ ላይ፣ ግን በዚያች ጠባብ ቦታ የሚያምር ሥዕል ያወጣ ነበር። የፊልም ኩባንያው ዋርነር ለሁለቱም የዲስክ ዓይነት ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አንዱኑ የተጨመቀ ሥዕል ይጠቀም ስለነበር የብሉ ሬዩ 50 ጊጋባይት ግማሽ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀር ነበር። ቶሺባ በየካቲት ወር 2008 እጁን ሰጠ፣ የሁለቱ ዲስኮች ክርክርም አብሮ ሞተ። ደግ አደረገ፣ ሁለት ማጫወቻ ከመግዛት ተረፍን።

ሦስተኛው፣ የ2018ቱ 4ኬ። ኤችኢቪሲ ነው፣ ቀለሙ በ10 ቢት ነው የሚቀመጠው። በ8 ቢት አንድ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ አለው፣ በ10 ቢት 1024። ምን ለውጥ አለው? የማታው ሰማይና የጫካው ጭጋግ ላይ ያ እርከን እርከን የሚሠራው መስመር ይጠፋል። የ4ኬ ዲስክ በሰከንድ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ማንበብ ይችላል። ለማነጻጸር፣ ኔትፍሊክስ 4ኬ ለማየት ባለ 15 ሜጋ ቢት መስመር ይበቃል ነው የሚለው።

ግን እኔን ያስደሰተኝ ነጥቡም ቁጥሩም አይደለም። አሸዋው ተመለሰ! የአርኖልድ ላብ ተመለሰ። ጭቃው ጭቃ ሆነ። ግሬይኑ ወፍራም ነው፣ አንዳንድ ቦታ በጣም ወፍራም፣ ጨለማ ትዕይንቶች ላይ «ምነው ትንሽ ቢቀንሱት» ያሰኛል፤ ቢሆንም መጭመቂያው አቅም ስላለው ቅንጣቷን እንደ ቅንጣት ያስቀምጣታል እንጂ ወደ ካሬ አይቀይራትም። ፍጥረቱ በሙቀት የሚያይበት ትዕይንት ያው ድፍርስ ነው፣ ድሮም ሲቀረጽ እንዲያ ስለሆነ ማንም አያጠራውም። የፀሐይ ብርሃን በቅጠል መሃል ሲገባ ኤችዲአሩ (ብሩህና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳየው ዘዴ) ያምራል፣ ቀለሙ ግን ከለመድኩት ትንሽ ጨለም ያለ መስሎኛል፤ ክፍሉን አጨልማችሁ እዩት።

4ኬ ማጫወቻ ያለው ሦስተኛውን ይግዛ። የሌለው ደግሞ፣ ይህን ስል ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፣ የ2008ቱን ኤምፔግ-2 ይፈልግ። ከሁለተኛው ይሻላል። የቱንም ብትገዙ ግን ቴሌቪዥናችሁ ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን አጥፉ፣ ሻርፕነሱንም ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ ቴሌቪዥኑ ራሱ የ2010ሩን ሥራ እቤታችሁ ድረስ መጥቶ ይሠራላችኋል።

ሁለተኛውን ዲስክ የእህቴ ልጅ ወሰደው። ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሰዎቹ እዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ሆነው ለምንድን ነው ላብ የሌላቸው?» አለኝ።