አሥራ አራት ወር ከአንድ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ጋር

ላፕቶፑን የገዛሁት በጥቅምት 2017 ነው። ያገለገለ፣ ከጀርመን የመጣ፣ ከሥሩ የአንድ ድርጅት የንብረት ቁጥር ገና ያልተላጠለት። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ስም ከተጠራ ወሬው ሁሉ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ክርክር ይሆናል። የምለው ነገር ደግሞ ለድርጅት ሥራ ተብለው በሚሠሩት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያው ነው። ስክሪኑ 14 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ሚሞሪው 8 ጊጋባይት ነበር። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ፒችትሪና ኤክሴል ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ይውላሉ፣ ማታ ደግሞ ሪፖርት በአማርኛ እጽፋለሁ።

በዚያው ገንዘብ አዲስ ላፕቶፕ ይገኝ ነበር። ግን ያየኋቸው አዲሶች ኪቦርዳቸው ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሚሞሪያቸውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ይኼኛው ከሥሩ ስምንት ብሎን ሲፈታለት ሆዱ በሙሉ ይታያል። አንድ የሚሞሪ ቦታ ባዶ ስለነበር በሁለተኛው ሳምንት ሌላ 8 ጊጋባይት ሰካሁበት። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ማሽን ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው።

ሻጩ ሰባተኛ ትውልድ የሆነውን በርከስ አድርጎ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። እምቢ አልኩ። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሌላው ያሳሰበኝ ነገር ከእህቴ ልጅ የተማርኩት ነው። እሱ የገዛውን ላፕቶፕ ዊንዶውሱን ወደ መነሻው መልሶ ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኘው የማያውቀው የውጭ አገር ድርጅት ስም ብቅ አለና የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ማሽኑ ገና በቀድሞ ባለቤቱ ድርጅት ስም ተመዝግቦ ነበር። ስለዚህ እኔ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ማሽኑን ወደ መነሻው አስመለስኩ፣ በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁት፣ ባዮሱም፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በይለፍ ቃል እንዳልተቆለፈ ገብቼ አየሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ሻይ ጋብዤው ተለያየን።

ባትሪው እንደማንኛውም ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ነው። በትዕዛዝ መስጫው መስኮት ላይ «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ «ባተሪሪፖርት» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል (powercfg /batteryreport) ሲጽፉ ዊንዶውስ ሙሉ ማስረጃውን ያወጣል። የእኔ ሲሠራ 51 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው ስገዛው 37 ላይ ነበር፣ ዛሬ 33 ነው። ባዮሱ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ሁልጊዜ መቶ ሞልቶና ሞቆ መዋል የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራልና ጥሩ ነገር ነው። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን ሃያ በመቶ ቀላል አይደለም። እኔ ምርጫውን አብርቼ ቆየሁና ክረምት ሲገባ አጠፋሁት።

ሙቀቱን በተመለከተ ብዙዎች የማያስቡት ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ያንኑ ሙቀት ይዞ ለመውጣት ማራገቢያው አብዝቶ መሽከርከር አለበት። የብዙ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ የሚጻፈው የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ስለሆነ እኛ ውስጡ ነን፤ በዚህ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። በየካቲት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ፣ ሙቀቱም 97 ዲግሪ ደረሰ። ፈታሁት። የሞቀው አየር በሚወጣበት የመዳብ ክንፍ ላይ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ተጋግሮ እንደ ተባዘተ ጥጥ በአንድ ላይ ተነሣ። መጀመሪያ የባትሪውን ማገናኛ መንቀል፣ አየር ሲነፋ ደግሞ ማራገቢያውን በጣት ይዞ እንዳይሽከረከር ማድረግ ያስፈልጋል። የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባትም ቀየርኩ። በዚያው ሥራ ላይ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ወረደ።

የሰኔው ጉድ ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር። ሳር ቅጠሉ የበጀት ዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት በሚሯሯጥበት ሳምንት ማሽኑ ድንገት ኤሊ ሆነ። ኤክሴል ላይ አንድ ቁጥር ጽፌ እስኪታይ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ተደረገ። እሱ ዘንድ፣ በራሱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ እንደ ፈረስ ጋለበ። ቢሮ ተመልሼ ስሰካው ያው ኤሊ።

መፍትሔውን ያመለከተኝ የመብራት መጥፋት ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ በዚያችው ቅጽበት ማሽኑ ነቃ። የተደረደሩት ትዕዛዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈጸሙ። መብራት ሲመጣ እንደገና ተኛ። የሥራ መቆጣጠሪያውን መስኮት ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አየሁ፤ ቻርጀሩ ሲሰካ 0.39 ጊጋኸርዝ፣ ሲነቀል ከ3 በላይ።

የቻርጀሩ ክብ ጫፍ ውስጥ፣ መካከል ላይ፣ የስፌት መርፌ የምታክል ቀጭን ሽቦ አለች። ኃይል አታስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኑ የምትናገር እሷ ናት። የእኔዋ ተጣማ ነበር፤ ምናልባት አንድ ቀን አጋድሜ ሰክቼው ይሆናል። ማሽኑ ቻርጀሩን መለየት ሲያቅተው ባትሪውን መሙላት ያቆማል፣ ፕሮሰሰሩንም አፍኖ ይይዛል። የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው፦ ማሽኑ ሲነሣ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በየቀኑ ያወጣ ነበር፤ እኔ ሳላነብ ነበር አልፌው የምሄደው።

ሽቦዋን በመርፌ አቃናኋት፣ በሁለተኛው ቀን ተሰበረች። በርካሽ የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ልክ ገባ፣ ያንኑ ጽሑፍ ግን አመጣ። በመጨረሻ ከተበላሸ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የተረፈ ዋናውን አገኘሁ፤ ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል፣ ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት። ላፕቶፓችሁ ድንገት ቢንቀራፈፍ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉና ተመልከቱ። እኔ አሁን መብራት ሲሄድም ቻርጀሩን እነቅላለሁ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አሳልፌ ነው የምሰካው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥቃቅን ነው። ማጠፊያው ጠንክሮ ስለቀረ ክዳኑን በአንድ እጅ መክፈት አይቻልም። ለብቻው የቆመ የቁጥር ኪቦርድ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ገዛሁ፤ ያለ እሱ ሒሳብ ሥራ አይሞከርም። ድምፁ ደካማ ነው፣ ዘፈን አልሰማበትም።

የኪቦርዱን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የጀርመን ኪቦርድ ስለሆነ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ተለዋውጠው ነው የታተሙት። ዊንዶውሱን በእንግሊዝኛው አቀማመጥ ስላደረግሁት እኔ ሳላይ ስለምጽፍ አይነካኝም። ረዳቴ ግን እያየች ነው የምትጽፈው፤ አማርኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ የሚጻፍ በመሆኑ «ዘ» ብላ የምትጫነው «የ» ይሆንባታል። በሐምሌ አንድ ሪፖርት በችኮላ አስጻፍኳትና ሳላነብ ፈርሜ ላክሁ። በማግሥቱ ደንበኛው ደወሉ።

«ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ገጽ ሁለት ላይ ‹በሒሳብ የመኑ መጨረሻ› የሚለው ግን አልገባኝም። የመን ቅርንጫፍ አለን እንዴ?»

በዚያው ቀን ሁለቱን ቁልፎች በቢላዋ ጫፍ አንሥቼ አለዋወጥኳቸው። አንደኛዋ ትንሽ ዘመም ብላ ቀርታለች፣ ትሠራለች።