ቨርጂኒያ ያላችሁ ወላጆች፣ እኚህን እናት እወቁልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አካባቢ የምትኖሩ፣ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይችን ሳታነቡ አትለፉ። ቤታቸው ውስጥ ላይሰንስ ያለው ዴይኬር ያላቸውን አንዲት አበሻ እናት ላመሰግን ነው። ለእሳቸው ብቻ አመስግኜ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ትልቁ ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ገና ዳይፐር ላይ ናት። የዴይኬሩ ክፍያ የቤት ኪራያችንን ሊያክል ምንም አልቀረውም ነበር። እናቴን ላምጣ ብል ቪዛ ተከለከለች።

መንግሥት ለሚሠሩ ወላጆች የዴይኬር ወጪ እንደሚያግዝ ስሰማ መጀመሪያ የሄድኩት «ፎርም እሞላለሁ» ወደሚል ሰው ነው። ብሬን ተቀበለ፣ እንደ ነገሩ ሞልቶ ላከ፣ መልሱ «አይገባችሁም» ሆኖ ሲመጣ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ለካ ማመልከቻው በነጻ ነው! በዚያው ሰሞን ልጄ የምትውልበት ቦታ ደግሞ ጠዋት ባደረግኩላት ዳይፐር ማታ ትመለስልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት። ስጠይቅ «ካልተመቸሽ ውሰጃት» ተባልኩ። መኪና ውስጥ አልቅሼ፣ ፊቴን ጠርጌ ሺፍት ገብቻለሁ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኚህን እናት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷንም እግዜር ይስጣት። ገና ስንገባ ስለ ክፍያ አላወሩም። «ምን ትወዳለች? እንዴት ነው የምትተኛው?» ነው ያሉኝ። ቀጥለው «ሰብሲዲ፣ ማለት የመንግሥቱን የዴይኬር እርዳታ፣ ጠይቃችኋል?» አሉኝ። የተከለከልንበትን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ጊዜ አነበቡት። «ልጄ፣ ኡበር የከፈለው በሙሉ፣ ወጪው ሳይቀነስ፣ የባልሽ ገቢ ተብሎ ተሞልቷል እኮ። ቤንዚኑስ? ኢንሹራንሱስ? የመኪናው ጥገናስ?»

ስሌቱ ዛሬም አይገባኝም። እሳቸው ግን የሌላ ሰው ልጅ ትከሻቸው ላይ እያስተኙ ሶሻል ሰርቪስ ደውለው፣ ስፒከር ላይ አድርገው፣ እኔ መናገር ሲያቅተኝ እያገዙኝ አስረዱ። ባለቤቴ ደረሰኞቹን ሰበሰበ፣ እንደገና አመለከትን፣ ተፈቀደልን። ድርሻችንን እንከፍላለን፤ ግን እንችለዋለን። ትልቁም ልጄ ከትምህርት ቤት በኋላ ለሚቆይበት ተካተተ። እኔ ለሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ 13 ዓመት እስኪሞላቸው ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ሥራዬን ያጣሁ ጊዜ ነው። ልጄን ላስወጣ ነው ብዬ እያለቀስኩ ገባሁ። ሻይ ቀድተው አስቀመጡኝ። «የትም አትሄድም። አንዴ ከተፈቀደ ለ12 ወር ነው። ሥራ ቢጠፋ ደግሞ ቢያንስ 3 ወር መፈለጊያ ይሰጣል፤ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የፌደራል ሕግ ነው የሚለው። ይልቅ ሂጂና ሥራሽን ፈልጊ።» እውነትም አልተቋረጠብንም። ኢንተርቪው ስሄድ ልጄን ቀድመው ተቀብለውኛል፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም። የእናት ልጅ እህት እንኳን እንዲህ አትሆንም። እድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ ወላጆችም «አይመለከተንም» ብላችሁ አትተዉት። ለዚህ እርዳታ የሚታየው የልጁ ወረቀት ነው። ወረፋ ስለሚኖር ዛሬውኑ አመልክቱ። «ፎርም ልሙላላችሁ» ለሚል ሰው ብር አትክፈሉ። የምትመርጡት ዴይኬር ሰብሲዲ እንዲቀበል የተፈቀደለት መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ነግረውኛል። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የሚይዙት ልጅ ጥቂት ነው፤ ቦታ ባይኖራቸው እንኳን ደውሉላቸው። የት መሄድ እንዳለባችሁ ሳይነግሯችሁ ስልኩን አይዘጉም።